ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚያዘግም የቤት ዋይፋይ፦ ፍለጋውን ከየት መጀመር እንደሚገባ

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ማታ ማታ በኢንተርኔት የምከታተል ተማሪ ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ወደ ቤታችን የገባው መስመር ፋይበር ነው። እንዲያም ሆኖ ለብዙ ወራት አንድም ክፍለ ጊዜ ሳይቋረጥብኝ ተከታትዬ አላውቅም ነበር። የመምህሩ ምስል ባለበት ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ እኔ ጥያቄ ለመጠየቅ ስሞክር ደግሞ የክፍል ጓደኞቼ «ድምፅሽ አይሰማም» ይሉኛል። አሁን ችግሩ ተፈትቷል፤ የፈታውም አዲስ ዕቃ ወይም ውድ ጥቅል አልነበረም። ፍጥነቱ የት ላይ እንደሚጠፋ ሳያውቁ ገንዘብ ለሚያወጡ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ያለፍኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ የምክር እጥረት አልነበረብንም። አንዱ ላፕቶፑ ቫይረስ ስላለበት ፎርማት ይደረግ አለ፣ ሌላው ራም ይጨመርለት አለ፣ ሦስተኛው ችግሩ ከአቅራቢው ስለሆነ ጥቅሉን ከፍ ከማድረግ በቀር መፍትሔ እንደሌለው በእርግጠኝነት ነገረን። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ከ10 ሜጋ ቢት ወደ 25 ሜጋ ቢት ጥቅል አሳደግን። በወር መጨረሻ የምንከፍለው ሂሳብ ጨመረ፤ መኝታ ቤት ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ላፕቶፕ የምለካው ፍጥነት ግን ምሽት ላይ ከ2 ወይም ከ3 ሜጋ ቢት አላለፈም። ይህ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነበር። የምንገዛው ጥቅል የሚወስነው እስከ ራውተሩ ድረስ የሚመጣውን መጠን ነው፤ ጥበቱ ያለው ከራውተሩ ወዲህ ከሆነ ግን 100 ሜጋ ቢት ቢገዛም ላፕቶፑ የሚደርሰው ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበትን አንድ ነገር ላንሳ። ጥቅሎች የሚሸጡት በሜጋ ቢት ሲሆን፣ ፋይል ሲወርድ ብዙ ፕሮግራሞች የሚያሳዩት ግን በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በ25 ሜጋ ቢት መስመር ላይ ፋይል በሰከንድ 3 ሜጋ ባይት ገደማ ቢወርድልዎ መስመሩ የሚገባውን እየሰጠ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ «የከፈልኩበትን አላገኘሁም» ብሎ አቤቱታ ማቅረብ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም።

በዚሁ ሰሞን ሊጠይቀን የመጣ አንድ ዘመዳችን ሊረዳን ፈልጎ ከራውተሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ ተጭኖ ያዘ። ራውተሩ ሲነሳ ዋይፋዩ ስሙ ተቀይሮ መጣ፤ ኢንተርኔት ግን ጭራሽ ጠፋ። ማጥፋትና ማብራት አንድ ነገር ነው፤ ያቺን ቀዳዳ መጫን ደግሞ ሌላ። ቀዳዳዋ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች፣ አቅራቢው ለመስመራችሁ ያስገባውን የተጠቃሚ ስምና ቅንብርም አብራ ትሰርዛለች፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እባካችሁ ለልጆችም ለእንግዶችም ንገሩ። ራውተሩ ግራ የተጋባ ከመሰላችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ።

ለነገሩ ያ አጋጣሚ በመጨረሻ ጠቀመን፤ የመጣው የጥገና ባለሙያ ነገሩን ግልጽ አድርጎልናልና። ወጣት ልጅ ነው። መስመሩን ከመለሰ በኋላ ከቦርሳው አጭር ቢጫ የኔትወርክ ገመድ አወጣ፤ አንዱን ጫፍ ራውተሩ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ፍጥነቱን ለካ። ቁጥሩ ከ24 አልወረደም። ደግሞ ለካው፤ ያው ነው። «እትዬ፣ መስመሩ ሰላም ነው፤ ችግሩ ከዚህ ወዲያ ነው» አለኝና በእጁ ከራውተሩ ወደ መኝታ ቤቱ አመለከተኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩን በሦስት ቦታ ከፍዬ ማየት ጀመርኩ፦ ከውጭ እስከ ራውተሩ ያለው መስመር፣ ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ያለው አየር፣ እና ላፕቶፑ ራሱ። ለማንኛውም ሰው የምመክረውም ይህንኑ ነው። ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት አንድ የኔትወርክ ገመድ ይፈልጉ፤ ሌሎች ስልኮችን ከዋይፋዩ አላቅቀው ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር ያገናኙና ይለኩ። በገመድ የሚገባው ፍጥነት ከመጣ አቅራቢውን ለጊዜው ይተዉት። በገመድም ቀርፋፋ ከሆነ፣ ሌላ ላፕቶፕ በዚያው ገመድ ላይ ሰክተው ያመሳክሩ፤ ሁለቱም ቀርፋፋ ከሆኑ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የዚያው የላፕቶፑ ነው።

ቀጥሎ ዋይፋዩን ከራውተሩ አጠገብ ሆኜ ለካሁት። ስልኬ 24 አካባቢ አገኘ፣ ላፕቶፑ በዚያው ቦታ 10 እንኳ በቅጡ አልሞላም። መኝታ ቤት ስገባ ደግሞ ሁለቱም ወረዱ፤ የላፕቶፑ ግን በጣም ባሰ። ስለዚህ በአንድ ችግር ፋንታ ሁለት ችግር እንዳለ ገባኝ፦ አንደኛው ቦታው ነው፣ ሁለተኛው ላፕቶፑን ብቻ የሚመለከት ነው። ይህን ሳልለይ ብቀጥል ኖሮ አንዱን አስተካክዬ ለውጥ ስላላየሁ የሠራሁትን መልሼ ባፈረስኩት ነበር።

የቦታው ጉዳይ ለመረዳት ቀላል ነበር። ራውተራችን የተቀመጠው ሳሎን ባለው ቡፌ ውስጥ ነው። ከኋላው የቡፌው መስታወት፣ ከፊቱ የብርጭቆና የሰሃን ድርድር፣ ከላዩ ነጭ ዳንቴል፣ ከጎኑ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ነበረ። መስታወት ጀርባው በብረት ነክ ነገር የተቀባ ስለሆነ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል፤ የቴሌቪዥኑም ጀርባ እንደዚሁ። ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፣ ነገር ግን የራውተሩን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳዎች ይሸፍናል፤ ራውተር ደግሞ ሲግል ሥራው ይበላሻል። በመኝታ ቤቱና በሳሎኑ መካከል የብሎኬት ግድግዳና አንድ የኮንክሪት ኮለን አለ፤ ውስጡ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ለዋይፋይ ከከፉት መሰናክሎች አንዱ ነው። ባለሙያውን ለምነን ራውተሩን ወደ ኮሪደሩ፣ ከሰው ራስ ከፍ ወዳለ መደርደሪያ አዛወርነው። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ ራሳችሁ የምታዛውሩ ከሆነ በማዕዘን ላይ አትጠፉት፣ በምስማርም አትምቱት፤ ውስጡ የሚሄደው ብርሃን ስለሆነ በጣም ከታጠፈ ይባክናል።

ከዚያ በኋላ መኝታ ቤት ውስጥ የስልኬ ፍጥነት ወዲያውኑ ተስተካከለ። የላፕቶፑ ግን ጥቂት ብቻ ተሻሻለ። ዋናው ለውጥ የመጣው በዊንዶውስ ውስጥ አብዛኞቻችን ከፍተን የማናየውን አንድ ገጽ በማየት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ቀጥሎ ዋይፋይ፣ ከዚያም የተገናኙበትን ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ሲከፍቱ፣ ከታች ላፕቶፑ ከራውተሩ ጋር በምን ዓይነት ስምምነት እንደተገናኘ የሚዘረዝር ክፍል ያገኛሉ። የእኔ ላይ ባንድ የሚባለው፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ የግንኙነቱ ፍጥነት 54 ሜጋ ቢት፣ የደኅንነቱ ዓይነት ደግሞ የመጀመሪያው ደብልዩ ፒ ኤ ነበር፤ ሁለተኛው አይደለም። ከዋይፋዩ ስም ሥር «ይህ ኔትወርክ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያም ነበረ። ዊንዶውስ ይህን ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ብዙዎቻችን እንደ ጌጥ አልፈነው እንሄዳለን።

54 የምትለዋ ቁጥር ነገሩን ሁሉ ትናገር ነበር። የመጀመሪያው ደብልዩ ፒ ኤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የደኅንነት ሥርዓት ሲሆን ቲ ኬ አይ ፒ የሚባል የምስጠራ ዘዴ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው ዋይፋይ 4 እና ከእሱ በኋላ የመጡት ደረጃዎች በዚህ አሮጌ ዘዴ ሲገናኙ ፈጣን አሠራራቸውን እንዳይጠቀሙ ተደርገው ነው የተሠሩት። ስለዚህ ላፕቶፑ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ከ2009 በፊት ወደነበረው ደረጃ ይወርዳል፤ የዚያ ደረጃ ጣሪያ ደግሞ 54 ነው። ይህም ቁጥር በወረቀት ላይ ያለ ጣሪያ ነው፤ በተግባር ከግማሹ በታች ነው የሚገኘው፤ ጎረቤቶች በተመሳሳይ ሞገድ ሲጠቀሙ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስልኬ ከዚህ ያመለጠው ራውተሩ በሁለት ስም ስለሚያሰራጭና እሱ በ5 ጊጋኸርዙ ስም የተገናኘ ስለነበር ነው።

ቅንብሩ እንዲህ የሆነው ከዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ፕሪንተር ከዋይፋዩ ጋር አልገናኝ ሲል ለእሱ ተብሎ ነው። ዘመዳችን ያቺን ቀዳዳ ከተጫነም በኋላ ፕሪንተሩ እንደገና ስለጠፋ መልሰን ያንኑ ቅንብር አስገብተን ነበር። ይህን የምናገረው፣ የብዙ ቤት ራውተር ለአንድ አሮጌ ዕቃ ሲባል የተደረገ ለውጥ ተሸክሞ እንደሚኖር ስለማምን ነው። ፕሪንተሩን አሁን በገመድ ነው የምንጠቀመው።

ማስተካከያውን የሚያደርጉት ራውተሩ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ ብሮውዘር ላይ በመጻፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም ተቀራራቢ ቁጥር ነው። መግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉም በዚያው ወረቀት ላይ ይገኛሉ። ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የሚከፍቱትን ገጽ ሁሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ቢሳሳቱ የሚመለሱበት ያ ብቻ ነው። ኢንተርኔት መስመሩን የሚመለከተውን ክፍል አይንኩ፤ የሚፈልጉት የዋይፋይ ደኅንነት የሚለውን ነው። እዚያ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ከኤ ኢ ኤስ ጋር (ኤ ኢ ኤስ ቲ ኬ አይ ፒን የተካው የምስጠራ ዘዴ ነው) የሚለውን መረጥኩ፤ ራውተርዎ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣውን ደብልዩ ፒ ኤ 3 ከያዘና ዕቃዎችዎ ከተቀበሉት እሱ ይሻላል። በዚያው አጋጣሚ የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩት፤ ከራውተሩ ጋር የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ሳይ የማናውቃቸው ስልኮች ነበሩና። ከዚያ በላፕቶፑ ላይ የድሮውን ኔትወርክ ፎርጌት ብሎ እንደ አዲስ መገናኘት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የተቀመጠው አሮጌ መረጃ ያስቸግራል።

እንደገና ያንን ገጽ ስከፍት 54 የነበረው 144 ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ለዚያ ሁሉ ወራት ጭንቀት መፍትሔው አንድ ምርጫ መቀየር መሆኑ አሳዘነኝም፣ አስደሰተኝም። ቀን ላይ ስለካው ከ20 በላይ አገኘሁ። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ግን መልሶ ወደ 7 እና 8 ወረደ።

የምሽቱ ነገር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ጠባብ መንገድ ነው፤ በውስጡ ካሉት ቻናሎች፣ ማለትም በቁጥር ከተለዩት የሞገዱ ክፍሎች፣ ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ጎረቤት ያለ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ይቆማል፤ በአንድ ቻናል ላይ ያሉት ሁሉ ደግሞ ተራ ጠብቀው ነው የሚናገሩት። በስልክ ላይ በነፃ በሚገኝ የዋይፋይ መመልከቻ መተግበሪያ ሳይ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉት አብዛኞቹ 6 ላይ ተከማችተው ነበር። ወደ 11 ዞርኩ፤ የቻናሉን ስፋትም ወደ 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ አደረግኩት። ሰፊው 40 በወረቀት ላይ ፈጣን ቢመስልም ሰው በበዛበት ሕንፃ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል። በቻናሎች መካከል፣ ለምሳሌ 3 ወይም 8 ላይ፣ መቆም ብልህነት ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁለቱም ወገን ጫጫታ ስለሚሰማ አይበጅም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋኸርዙ ስም በማዛወር ነው። እዚያ ቻናሉ ብዙ ነው፤ ሞገዱ ግድግዳ አልፎ ብዙ ስለማይሄድም የጎረቤት ጣልቃ ገብነት ትንሽ ነው። ይኸው ጠባዩ ጉዳትም አለው፤ ራውተሩ ቡፌ ውስጥ በነበረበት ጊዜ ይህ ስም መኝታ ቤታችን ውስጥ እየታየ ይጠፋ ነበር። የቦታው ለውጥ አስቀድሞ ስለተደረገ አሁን ይደርሳል። ላፕቶፕዎ ላይ ሁለተኛው ስም ጨርሶ የማይታይ ከሆነ፣ የውስጡ የዋይፋይ ካርድ 2.4 ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ሁለቱንም ባንድ የሚቀበል ትንሽ አዳፕተር መግዛት ላፕቶፕ ከመቀየር እጅግ ይረክሳል። ዋይፋይ አስፋፊ የሚባለውን ዕቃ ግን ከመግዛት በፊት ያስቡበት። ብዙዎቹ ርካሽ ዓይነቶች የሚቀበሉትና መልሰው የሚያሰራጩት በአንድ ሬዲዮ ስለሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። ገመድ መዘርጋት የሚቻል ከሆነ ገመድ ይዘርጉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ችግር ቀረ። መብራት ባለበት ጊዜ ክፍለ ጊዜው ያለ እንከን ያልፋል፤ ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪ ስሠራ ግን ድምፁ በየመካከሉ ይቆማል። ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ የዋይፋይ ካርዱን እያስተኛ ያነቃው ነበር። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ በዋይፋይ ካርዱ ስም ሥር ፓወር ማኔጅመንት የሚለው ገጽ ላይ ኮምፒዩተሩ ካርዱን እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አነሳሁ፤ ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩንም፣ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርጄ አደስኩ። ድራይቨር ከማይታወቅ ገጽ ወይም «ሁሉንም እናድሳለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች አያውርዱ። በባትሪ የምንሠራው ብዙውን ጊዜ መብራት ሲጠፋ ስለሆነ ለራውተሩም ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ገዛን፤ እናንተም ስትገዙ የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈው ቮልት ከምትገዙት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ 9 የሚፈልግ ራውተር ላይ 12 መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል።

አንድ ሌላ ትንሽ ነገርም ብዙ አስቸግሮኛል። የጥናት ፋይሎቼን የማስቀምጥበትን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስሰካ ዋይፋዩ ይዳከማል፣ ስነቅለው ይመለሳል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስረዳው ዩኤስቢ 3 ዕቃዎችና ገመዶቻቸው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ያሰማሉ። ዲስኩን ረዘም ባለ ገመድ ከላፕቶፑ ራቅ ማድረግ ወይም 5 ጊጋኸርዝ መጠቀም ይበቃል። ማይክሮዌቭም በዚያው አካባቢ ስለሚሠራ ራውተርን ከወጥ ቤት ማራቅ ደግ ነው።

የቤተሰቡ ስልኮችም የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ሁሉም ከሥራና ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስልኮቹ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝተው የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ መላክ ይጀምራሉ፤ ያ ሰዓት ደግሞ የእኔ ትምህርት ሰዓት ነው። መላኪያው መንገድ ሲሞላ መቀበያውም አብሮ ይታነቃል፤ ምክንያቱም ላፕቶፑ «ደርሶኛል» የሚለው መልእክት ራሱ በመላኪያው ነው የሚሄደው። ይህን ለመለየት ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቼ መልስ ለመምጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በሚለካው በፒንግ ትእዛዝ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ከቤት ውጭ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8 ጠየቅኩ። ራውተሩ በ3 ሚሊ ሰከንድ እየመለሰ ውጪው ወደ መቶዎች ሲዘል ዋይፋዩ ደህና ነው፣ የሞላው መስመሩ ነው ማለት ነው። ራውተሩ ራሱ ከዘገየ ግን ችግሩ አየሩ ላይ ነው። የስልኮቹን የፎቶ መጠባበቂያ ሌሊት እንዲሆን አደረግን። በላፕቶፑ ላይም ዊንዶውስ ያወረደውን ማሻሻያ ለሌሎች ኮምፒዩተሮች እንዲያካፍል የሚፈቅደውን ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ምርጫ አጠፋሁ።

ይህን ሁሉ አድርገው በገመድ ሲለኩ ፍጥነቱ አሁንም ዝቅ ያለ ከሆነ አቅራቢው ዘንድ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ በገመድ የለኩትን ቁጥር ከነሰዓቱ በስክሪን ፎቶ ይያዙ፤ ሌሎች ዕቃዎች ተላቅቀው እንደነበረና በሁለተኛ ላፕቶፕም እንዳመሳከሩ ይንገሩ። «ዋይፋዬ ይዘገያል» ሲባል የሚሰጠው መልስ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት የሚል ነው፤ «በገመድ ከ25 ላይ 6 ነው የማገኘው፣ ማስረጃውም ይኸው» ሲባል ግን ባለሙያ እንዲላክልዎ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይኖርዎታል።